በጸጋዬ ግጥም ውስጥ ቃል ፍለጋ

የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ግጥም ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሞልቷል። ቃሉን እየፈታ የሚያነብ ግን ጥቂት ይመስለኛል። አይፈረድብንም፤ ድምፁ ይዞን ይነጉዳል። ስምንት ቀለም (ስምንት የፊደል ድምፅ መሆኑ ነው)፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስምንት ቀለም። «የጸጋዬ ቤት» የሚባለው ምጣኔ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

እኔ ለራሴ የሚሆን የቃላት መፍቻ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። መነሻዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነበር። አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 1928 ነው። ገጣሚው ደግሞ በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ አምቦ አካባቢ ቦዳ ተወለደ። መዝገበ ቃላት ከመግለጤ በፊት ይህን ጻፍኩ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር ሰው፣ እሱ ራሱ ግዕዝ የተማረ። ጆሮው የት የት እንዳደገ ሳያውቁ ቃሉን ማሳደድ ድካም ነው።

ቀጥሎ እርሳስ ይዤ ማስመር ጀመርኩ። የማላውቃቸው ቃላት ብዙም አልነበሩም። ስለዚህ የማውቃቸውን አሰመርኩ። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

መቀነትን እንውሰድ። ግጥሙ መጀመሪያ ላይ ጳጳሱ እመቤታችንን «እስከመቼ ድረስ እንዲህ መቀነትሽን ታጠብቂባት?» ይሏታል፤ ስለ ኢትዮጵያ ነው። መቀነት ማን ያጣዋል? ግን በ«መ» ከፈለጋችሁት ሥሩን አታገኙትም። «መ»ዋን ጣሉና ቀነተ የሚለውን ፈልጉ። በግዕዝ ታጠቀ ማለት ነው። መታጠቂያው ደግሞ ቅናት ይባላል። እዚህ ጋ ልብ ዘለል ይላል፤ በአማርኛ ቅናት ሌላ ነገር ነዋ! ቅናት ወገብ ያስራል፣ አንጀት ያስራል እያሉ ሁለቱን ማጋባት ይቻላል። ግን ዝምድና የላቸውም። የኛ ቅናት ከቀንአ የመጣ ነው፤ በግዕዙ ቅንአት መካከል የነበረችው «አ» ተውጣ ቀረች። ስለዚህ ደብተሬ ላይ አንድ ሕግ ጻፍኩ፦ የሥራቸው ሦስቱም ፊደላት ካልገጠሙ ዘመድ አይባሉም።

መዝገበ ቃላት የማይነግረኝን አክስቴ ነገረችኝ። «መቀነት ማጥበቅ ምንድነው እታለም?» አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ የመቀነቷን ጫፍ አሳየችኝ። ቋጠሮ አለ፤ ውስጡ የታጠፈ ብር። «ይሄን ካጠበቅኩብህ ምን ታገኛለህ?» አለችኝ። አለቀ። ለእኔ ጳጳሱ ወገብሽን አጥብቀሽ አሰርሽ እያሉ አይደለም፤ ሰጪዋ እጇን ከለከለች ነው የሚሉት። ሥሩ ቃሉ ከየት እንደመጣ ነግሮኛል፣ ቋጠሮው ደግሞ ስንኙ ላይ ምን እንደሚሠራ።

ስለ መሣሪያዎቹ ትንሽ ልበል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948) ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው ያሳተሙት። የራሳቸው የደስታ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ወጣ። ሁለቱም የሚሄዱት በ«አ በ ገ ደ» ነው። ሀ ሁ ብሎ ላደገ ሰው መጀመሪያ ያናድዳል፤ «ቀ»ን ለማግኘት ወደ መጨረሻው መገስገስ አለባችሁ። ቅደም ተከተሉን በካርቶን ጽፌ ዕልባት አደረግኩት። ተገላገልኩ።

ሁለተኛው ጣጣ የሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም መልካቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ነገር ነው። በስልክ ስንጻጻፍ ማንም አይጨነቅበትም፣ ሥር ሲፈለግ ግን ነፍስ ነው። አንድ የሰፈራችንን የቅኔ መምህር ስለዚሁ ጠየቅኳቸው። «እስቲ ልጄ፣ ሰአለ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። «በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ?» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ከሆነ ለመነ ነው፤ «ሰአሊ ለነ» የምንለው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከሆነ ሥዕል ሣለ ነው። ሰረቀም እንዲሁ፤ በእሳቱ ሌባ ነው፣ በንጉሡ የፀሐይ መውጣት። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ እያንዳንዱን ቃል በሁለት መልክ እጽፈዋለሁ፦ መጽሐፉ እንዳተመው፣ ሥሩ እንደሚጠይቀው።

ጣር የሚለው ቃል ግን ቀላል ሆኖልኛል። ግዕዙ ጻዕር ነው። «ጻዕረ ሞት» ሲባል ቤተ ክርስቲያን ሰምታችሁ ይሆናል። «ጸ» አማርኛ ላይ «ጠ» ትሆናለች፦ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል። ይህችን አንድ መንገድ ከያዛችሁ ብዙ በር ይከፈታል።

በጣም የወደድኩት ቃል ያለው ግን ግጥም ውስጥ ሳይሆን በተውኔት ርዕስ ላይ ነው፦ «የከርሞ ሰው»። ከረመ ማለት መጀመሪያ ክረምቱን አሳለፈ ነው። ግዕዝ ክረምትን ለዓመትም ይጠቀምበታል። ለዚህ ነው በጋ ላይ የተገናኘን ሰዎች ሳይቀር «እንዴት ከረምክ?» የምንባባለው። ከርሞ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። «ለከርሞ» ስንል የሚመጣው ዓመት ነው። «ከርሞ ጥጃ» ስንል ግን ያለፈው ነው፤ ክረምቱን አሳልፎም ያው ጥጃ የሆነ። የከርሞ ሰውስ የቱ ነው? ነገ የሚደርሰው ወይስ ከርሞም ያላደገው? መፍቻዬ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ። አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አልመርጥም፤ ጸጋዬ እንዲህ ያለውን ቃል ለርዕስ ሲያነሳ ሁለቱን ፊት ሳያይ አነሳው ብሎ ማመን ይከብደኛል።