የሰባት ቁጥር አቤቱታ

ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ልክ የአንድ ፊልም መንገድ ነው። ቁርስ አስበልተህ፣ ሰው ቆጥረህ ዲስኩን ከከፈትክ ጣርማ በር ላይ ወደ ግማሹ ትደርሳለህ። ቁልቁለቱን ጨርሰህ የቆላው ሙቀት በመስኮት መግባት ሲጀምር መጨረሻው ይመጣል። ይህን የሚያውቀው ረዳት ነው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም። ያስቀጣኝም ይኸው ነው።

ያኔ የደሴ መስመር ረዳት ነበርኩ። ስክሪናችን የተሰቀለው ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከራሱ በላይ ነው። ስለዚህ ሹፌሬ በሥራ ዘመኑ ፊልም የሰማ እንጂ ያየ ሰው አይደለም። ተኩስ በሰማ ቁጥር በመስታወቱ ያየኝና «አሁን የሞተው ማነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ይበለው» ወይም «ወይኔ» ብሎ ማርሹን ይቀይራል። አንዳንዴ ስለ ፊልም ከእሱ የተሻለ አስተያየት ያለው ሰው አላየሁም። ምስሉ ስለማያታልለው ይሆናል።

የዚያን ቀን የከፈትኩት «ሎው አባይዲንግ ሲቲዝን» ነው። በእኛ አቆጣጠር 2002 ላይ የወጣ፣ ጄራርድ በትለርና ጄሚ ፎክስ የሚሠሩበት። በአማርኛ የተተረጎመው ነው፤ አንድ ሰውዬ ለወንዱም ለሴቱም ለሕፃኑም የሚናገርበት። ላላያችሁት በአጭሩ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ወሮበሎች ቤት ሰብረው ገብተው የአንድን ሰው ሚስትና ሴት ልጅ ይገድላሉ። አቃቤ ሕጉ ማስረጃው ያሰጋኛል ብሎ ከዋናው ገዳይ ጋር ይደራደራል። ዋናው በጓደኛው ላይ ይመሰክራል። ጓደኛው ሞት ይፈረድበታል፣ ዋናው ጥቂት ታስሮ ይወጣል። ከዐሥር ዓመት በኋላ አባትየው ይነሳል። መጀመሪያ ሁለቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ እስር ቤት ቁጭ ብሎ ዳኛውንም ጠበቃውንም አቃቤ ሕጎቹንም ይለቅማል። ፊልሙን የውጭ ተቺዎች ብዙዎቹ አጣጥለውታል፣ ተመልካች ግን ወዶታል። የእኛም አውቶቡስ ከተመልካቹ ወገን ነበር።

ድርድሩ ላይ ሲደርስ ከመሀል አንዱ «ስንት በላ?» አለ። ሌላው «ይሄ ሲያዩትም ይበላል» ሲል መለሰለት። አቃቤ ሕጉ ፊልሙ እስኪያልቅ ጉቦ በልቷል ተብሎ ቀረ። ፊልሙ ውስጥ ጉቦ የለም። ሰውየው የፈለገው የአሸናፊነት ቁጥሩ እንዳይቀንስበት ነው። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ። «ያለ ገንዘብ ነፍሰ ገዳይ የሚፈታ አቃቤ ሕግማ ይብሳል» አሉኝ።

ከዚያ አባትየው ዋናውን ገዳይ ጠረጴዛ ላይ አስሮ መሣሪያዎቹን መደርደር ጀመረ። ሴትና ሕፃን አለ ብዬ ጃኬቴን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ጣልኩት። አውቶቡሱ ፍጹም ቅጣት ምት የተከለከለ ቡድን ደጋፊ ሆነ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ሰባት ቁጥር ነው። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ደብተር የያዘ ሰውዬ።

«አንሳው! ልጅቷ ስትገደል አሳይተኸን ገዳዩ ሲገደል ትጋርዳለህ?»

ይህን ንግግር ልብ በሉልኝ። መልስ ስላጣሁለት ጃኬቴን አነሳሁ።

ፊት ለፊት፣ ሁለት ቁጥር ላይ፣ በርኖስ የለበሱ የመንዝ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎናቸው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ አላሉም። ገዳዩ ከሞተ በኋላ ወደ ልጁ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ሰውዬ ወንድም የለውም?»

«የለውም መሰለኝ አባቴ።»

«የሚስቱስ ወንድሞች?»

«አልታዩም።»

«ታዲያ እነዚያን ማን ቀበረለት? ማን ለቅሶ ደረሰው?»

ልጁ ሳቀ። «ፊልሙ እኮ ስለ ሕግ ነው አባቴ።»

«ይሁን። የገዳዩ ወገኖች ሽማግሌ ላኩ?»

«አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«አሜሪካ ሽማግሌ የለም?»

«ሽማግሌማ አለ። ለዚህ አይላክም እንጂ።»

«ለምን ይላካል ታዲያ?»

ልጁ ይህችን መመለስ አቃተውና ወደሚያውቀው ሸሸ። «በእኛ ሕግ ቢሆን» አለ፣ «ሚስቱና ልጁ ሲገደሉበት እዚያው በንዴት ገድሎ ቢሆን አንቀጽ 541 ይታይለት ነበር። ቀላል እስራት ነው፣ ከአምስት ዓመት አይበልጥም። እንዲህ ዐሥር ዓመት አስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ አሠቃይቶ ሲሆን ግን 539 ነው። ዕድሜ ልክ ወይም ሞት።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ።

«ስላሰበበት ነው የሚብስበት?»

«አዎ።»

«ሳያስብ የገደለ ይሻላል?»

«በሕጉ አዎ፣ ይቀልለታል።»

«እህ» አሉ። «እኛ ዘንድ ደም ያለበት ሰው ዐሥር ዓመት ሲያስብ ሽማግሌ ደግሞ ዐሥር ዓመት ይለምነዋል። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቄስ መስቀል ይዞ። አንዱን ፋሲካ እንቢ ቢል በሚመጣው ይመለሱበታል። ይህን ሰውዬ ማን ለመነው?»

እውነቴን ነው፣ ያን ፊልም ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። ሥራዬ ነው። ማንም እንዳልለመነው ግን አስተውዬ አላውቅም። ጎረቤት የለው፣ ዕድር የለው፣ ነፍስ አባት የለው። ዐሥር ዓመት ብቻውን ነው የቆየው። ልጁም አንቀጹን ትቶ ዝም አለ። ሹፌሬ ከፊት ሆኖ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይለኛል።

ወዲያው ፖሊስ ሲመጣ ሰውየው ሳይሮጥ እጁን ሰጠ። ሽማግሌው በዚህ በጣም ደስ አላቸው። «ይሸፍታል ብዬ ነበር። ጨዋ ነው» አሉ። ጣርማ በር ደረስን። ለመሐል ሜዳ መኪና ይቀይራሉ፣ ጆንያቸውን ከጣሪያ አወረድኩላቸው። እሳቸው የሚያውቁት ፊልም ደሙን መልሶ ለመንግሥት እጁን የሰጠ አባት ፊልም ነው። እዚያ ላይ አልቋል። ጥሩ ፊልም ነው ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

እሳቸው ሲወርዱ ሰውየው እስር ቤት ሆኖ ምግብ እያዘዘ ነበር። ከውጭ የመጣ ትልቅ ጥብስ ሥጋ ይቀርብለታል። መሀል ላይ ሰሐን በነጠላ ቋጥረው ጭናቸው ላይ የያዙ እናት ነበሩ። ሸዋሮቢት ወራጅ ናቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሰሐኑ ይናገራል።

«ሥጋውን ማንም ሳይቀምስ አስገቡለት?» አሉኝ።

«ፊልም ነው እናቴ።»

«እኔን በር ላይ ሽሮዬን ቀምሰሽ አሳዪን ይሉኛል። በየሳምንቱ ጠግቤ ነው የምገባው።»

አጠገባቸው ያሉት ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያ ሰውዬ ምንም ቢያደርግ እናትየው አላመኑትም።

ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ እንዳለፍን ጉሙ መጣ። ሹፌሬ «ድምፁን ዝጋ!» አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ ከፍሬንና ከጡሩምባ በቀር ምንም መስማት አይፈልግም፣ እዚያ ላይ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ የፊልሙ ክፉው ክፍል ያለ ድምፅ ነው የሄደው። ዳኛዋ ስልካቸውን ሲያነሱ ስልኩ ይፈነዳባቸዋል። ድምፅ ስለሌለ ከኋላ ያሉት «ደም ግፊት ነው» ብለው አዘኑላቸው።

ደብረ ሲና ቆምን። ቆሎ ሻጮቹ በሩን ወረሩት። ሰባት ቁጥር ደብተሩን ብብቱ አስገብቶ፣ አንድ ጥቅል ቆሎ ገዝቶ ወረደ። መሬት ከረገጠ በኋላ ዞሮ አውራ ጣቱን አሳየኝ። «ፊልምህ ነፍስ ነው! ይህን ሰውዬማ ማንም አይችለውም!» አለኝ። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

አርማንያን ስናልፍ ሹፌሬ ድምፅ ፈቀደ። ታስሮ ሳለ እንዴት እንደሚገድል የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ለካ ከእስር ቤቱ አጠገብ ጋራዥ ገዝቶ እስከ ጨለማ ክፍሎቹ ድረስ ከሥር ቆፍሯል። እስካሁን ስንት ሰው ሲሞት ያላጉረመረመ አውቶቡስ እዚህ ላይ አመፀ። መንገድ ሥራ ላይ ያረጁ አንድ ጡረተኛ ብድግ አሉ።

«ውሸት! አሁን ያለፍነውን ዋሻ ጣሊያን በስንት ሰው ጉልበት ነው የቆፈረው? ብቻውን? አፈሩንስ የት ደፋው?»

«ዐሥር ዓመት ነበረው እኮ» አለ አንዱ።

«መቶ ይኑረው! ድጋፉስ? ውሃ ቢመጣስ?»

እስከ ሮቢት ድረስ ስለ ዋሻ ተወራ። ጭካኔው የበዛ ነው ያለኝ ሰው አንድም አልነበረም፤ አፈሩ ግን ሁሉንም ከነከነ። እኔንም።

መጨረሻው እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰውየው ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ያጠመደውን ቦምብ አቃቤ ሕጉ አግኝቶ እሱው ክፍል ውስጥ ያስቀምጥበታል። ሰውየው ሳያውቅ በስልኩ ይደውላል፣ የራሱ ቦምብ ያቃጥለዋል። አቃቤ ሕጉ የልጁ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ተቀምጦ ያያል። አለቀ። አውቶቡሱ ውስጥ ያጨበጨበ የለም። «በላተኛው ኖሮ እሱ ይሙት?» አለ የኋላ ወንበር። ተማሪው ደግሞ ለብቻው ያወራል። «ቆይ፣ አሁን አቃቤ ሕጉስ? ቦምቡን አውቆ አይደል ያመጣበት? ፍርድ ቤት የት አለ? ይሄስ 539 አይደለም እንዴ?» የሚመልስለት ሽማግሌ ጣርማ በር ላይ ወርዷል።

«ማነው የሞተው?» አለኝ ሹፌሬ።

«ሰውየው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ዋናው።»

«ዋናው አይሞትም። በደንብ አላየኸውም» አለኝ።

ከደሴ ስንመለስ ቢሮ ተጠራሁ። ስምሪት ላይ የተቀመጠው ኃላፊ (ሰውየውም ድርጅቱም ስማቸው ይቆየን) ወረቀት ይዞ አነበበልኝ። በስልክ አቤቱታ ቀርቧል። «በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ፣ ሕፃናት ባሉበት፣ ነፍሰ ገዳይን የሚያጀግን፣ ሕግና ዳኝነትን የሚያንቋሽሽ ፊልም ታይቷል።» አቤት ባዩ ማነው አልኩ። ወንበር ሰባት።

ጃኬቱን ነገርኩት። አውራ ጣቱን ነገርኩት። ፊቱ አልተለወጠም።

«ቢያንስ ነፍሰ ገዳይ ያጀግናል አትበሉ» አልኩ። «መጨረሻ ላይ ይቃጠላል። አቤት ባዩ ደብረ ሲና ስለወረደ አላየውም። ሸዋሮቢት ድረስ ቢመጣ ኖሮ ያየው ነበር።»

«ተሳፋሪ የፊልም መጨረሻ ለማየት ተጨማሪ ታሪፍ አይከፍልም» አለኝ።

ከአበሌ ቆረጠ። ዲስኩን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። በምትኩ የተፈቀደ ነው ብሎ አንድ ኮሜዲ ሰጠኝ፤ ባል ሚስቱን እየዋሸ ሁለት ሰዓት የሚያስቅበት። እሱን የከፈትኩ ቀን ጫጫ ሳንደርስ ባልና ሚስት ተጣልተው ወንበር ቀየርኩላቸው። ማንም አቤት አላለም፤ ባልየው ደብረ ብርሃን ሲደርስ አኩርፎ በራሱ ጊዜ ወረደ።

እኔ የያዝኩት ትምህርት ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልም የምከፍተው ጠዋት ከአዲስ አበባ እንደወጣን ነው። ሸኖ ሳይደርስ ሰው ሁሉ ተኝቷል። የፈለገው ይሙት፣ የሚናገርህ የለም። ሹፌሬ ብቻ ይሰማል።

ሰንበትበት ብሎ በሌላኛው መኪና የሚሠራ ረዳት መናኸሪያ ላይ አገኘኝ።

«ስምሪቱ የዚያን ፊልም ክፍል ሁለት አለህ ወይ ብሎሃል» አለኝ። «አንደኛውን መሳቢያው ውስጥ ካለው ዲስክ እያየ ነው። በጣም ወዶታል።»

«ክፍል ሁለት አልሠሩለትም በለው» አልኩት። «ሰውየው መጨረሻ ላይ ተቃጥሎ ይሞታል።»

ረዳቱ ያሰረውን ሻንጣ ለቀቀው። «አንተ ምን ሆነሃል? ቀን ቀን እሱ ያያል፣ ማታ ማታ እየተዋስኩት እኔም እያየሁት ነው እኮ!»