በከተማዬ ቡድን ሽንፈት መሳቅን እንዴት ለመድኩ

ይህን የምጽፈው፣ ቀድሞኝ የሞከረ ሰው አስጠንቅቆኝ ቢሆን ኖሮ ከአንድ አጉል ሽምግልና እተርፍ ስለነበር ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ የከተማችን ቡድን በተሸነፈ ቁጥር እራት የማልበላ፣ በማግስቱም ሥራ ቦታ ሰው የማላናግር ደጋፊ ነበርኩ። ዛሬ ግን ስንሸነፍ የማላውቀውን ሰው ሠርግ በመንገዴ እንዳየሁ ሁሉ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

በመጀመሪያ ውርርድ ተውኩ፤ ገንዘብ ያስያዘ ሰው ሊስቅ አይችልምና። ከጨዋታ በኋላ የማደርገውን የስልክ ሙግትም አቆምኩ። ርቀቱ በከፊል በራሱ ጊዜ መጣልኝ፦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ስለሚካሄዱ፣ ተራው ለድሬዳዋ ስታዲየም እስኪደርስ ድረስ ቡድናችንን የምናየው በቴሌቪዥን ነው። ፀሐይ አናት እየጠበሰ በሜዳ የሚታይ ሽንፈትና ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው የሚያዩት ሽንፈት አንድ አይደሉም።

ታሪኩን ከጭንቅላቴ ማውጣት ግን ጊዜ ወስዷል። በ1950ዎቹ ኮተን የተባለው የድሬዳዋ ቡድን ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ በከተማችን ተካሂዶ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየርና በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ተጫውተዋል። ታላላቆቻችን ይህን ሲያወጉ መስማት ደስ ይላል፤ ከጨዋታ በፊት ግን መስማት አይገባም ባይ ነኝ። የዛሬዎቹን ልጆች ከኮተን ጋር እያስተያየ የሚቀመጥ ሰው ገና ኳሷ ሳትነካ ተበሳጭቷል።

የተበላሸው በሰው ፊት የመሳቁ ጉዳይ ነው። ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ ስናይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ሰዓቱ የምርቃና ነበርና፣ ተጋጣሚያችን ኳሷን ሲመታ ብድግ ብለው «አትገባም! ወላሂ አትገባም!» አሉ። ገባች። ቤቱ ጭጭ አለ። ግቧ በዝግታ በድጋሚ ስትታይ፣ አዛውንቱ ከፊተኛው በበለጠ እምነት እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው «አትገባም!» ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ዘወር ብለው አዩኝና አብረውኝ ሳቁ።

የተቆጣው ሌላ ነው። የሰፈሩን ደጋፊዎች አስተባብራለሁ የሚል፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ ልጅ፣ «አቦ፣ ከተማህ ተሸንፋ ትስቃለህ እንዴ?» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ። ይህም አልበቃው ብሎ በማግስቱ ሽማግሌ ሰብስቦ አስጠራኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እነዚያው አዛውንት መሆናቸውን ሳይ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጢማቸውን እያሻሹ፣ እንግዳ ሰው እንደሚመክሩ ሁሉ፣ «ልጄ፣ የከተማ ሐዘን ሐዘን ነው» አሉኝ፤ ስለ ራሳቸው ሳቅ የጠየቃቸው የለም። ለተሰበሰበው ሁሉ ለስላሳ እንድጋብዝ ተፈረደብኝ፤ ፈራጁም ሚሪንዳቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። በእሳቸው አልቀየምኩም። ያ አስተባባሪ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የጉዞ መዋጮው ምን ላይ እንደዋለ ሲጠየቅ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ የእኔን ሳቅ ለመቁጠር ጊዜ አላጣም።

አስተባባሪዎች ደጋፊ በሽንፈት ጊዜ ማዘን አለበት ይላሉ፤ አትስሟቸው። መለያውን ልበሱ፣ መዋጮውን በወቅቱ ክፈሉ፣ ለተጋጣሚ ግን አታጨብጭቡ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ቦታችሁ በር አጠገብ ይሁን፤ ሳቅ ሲመጣ ስልክ የተደወለላችሁ መስላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እንደነዚያ አዛውንት ካለ ሰው ኋላ መቀመጥ ከፈለጋችሁም ለስላሳውን ከጨዋታው በፊት ጋብዙ፤ በሽምግልና ሲመጣ ጠጪው ይበዛል።