በስልክ አስተርጓሚ ኢኤምዲአር አትጀምሩ

ሜሪላንድ ውስጥ ታክሲ ስነዳ አንድ ተሳፋሪ ሽጉጥ ማጅራቴ ላይ ደግኖ ዘረፈኝ። ብሩ ተረሳ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ከኋላዬ ሰው ከተቀመጠ አንገቴ ይደርቃል።

ሐኪሜ ኢኤምዲአር (በዓይን እንቅስቃሴ አሰቃቂ ትዝታን የሚያክም የሥነ ልቦና ሕክምና) ወደሚሰጥ ክሊኒክ ላከችኝ። የኢንሹራንሱ ጣጣ ቶሎ አለቀ። ሕክምናውን ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የጀመረችው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ደግፎታል (በፈረንጆች)። የሚያሰቃያችሁን ትዝታ እያሰባችሁ የቴራፒስቷን ጣት በዓይናችሁ ግራና ቀኝ ትከተላላችሁ። አእምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ሲይዝ ትዝታው ጉልበት ያጣል ይባላል። ጣቷ ሲቆም «አሁን ምን መጣ?» ትላለች። አንድ ሁለት ቃል ትመልሳላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ታሪኩን መዘርዘር ግዴታ አይደለም።

እኔ ላይ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ክሊኒኩ በስልክ አስተርጓሚ መደበልኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በስፒከር ተከፍቷል። ዓይኔ ጣቷን እየተከተለ፣ ሽጉጡ ማጅራቴ ላይ እንዳለ ሆኖ እየተሰማኝ፣ አስተርጓሚው በስልኩ «ሄሎ? አላችሁ?» ይላል። ክፍሉ ፀጥ ሲል መስመሩ የተቋረጠ መስሎታል፤ ማንም አላስረዳውማ! «ቀዘቀዘኝ» ስል «ሽጉጡ ምን ዓይነት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቴራፒስቷ ያልጠየቀችውን! ከዚያ መስመሩ እውነትም ተቋረጠ። ሌላ አስተርጓሚ እስኪመጣ ሰዓቱ አለቀ። ቀጠሮው ሲያልቅ ሰውን አረጋግቶ መሸኘት የሕክምናው አንድ ደረጃ ነው፤ እኔ ግን እየተንቀጠቀጥኩ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም።

ቢሮውን ስጠይቅ «ስልኩ በቂ ነው፣ ካልተመቸህ ዘመድ ይዘህ ና» አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ወንድሜ ፊት እንዴት ብዬ «መሞቴ ነው ብዬ ነበር» እላለሁ?

በጽሑፍ አመለከትኩ፤ በአካል የምትመጣ አስተርጓሚ ተገኘች። ቴራፒስቷ አስቀድማ አስረዳቻት፤ ጣት ሲንቀሳቀስ ትንፍሽ አትልም። በፍርሃቱ ምትክ በልቤ የምይዘውን ሐሳብ፣ «አልፏል፣ ተርፌያለሁ» የሚለውን፣ በአማርኛ ነው የያዝኩት። ከ0 እስከ 10 በሚለካው ጭንቀት 9 ላይ የነበርኩት ሰውዬ፣ ከወራት በኋላ 1 ላይ ደረስኩ። ኮራሁ!

እናንተም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በአካል የሚመጣ፣ ሁሌም ያው የሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዘመድ አትውሰዱ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ጠቅሳችሁ ጻፉላቸው። «ይብቃ» የምትሉበትን የእጅ ምልክትም ከቴራፒስታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ስልክ ብቻ ነው ያለን ካሏችሁ፣ ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩት።