የኅዳር ሳምንት በደብረ ብርሃን፦ ፈትል፣ ስልጆ እና ፀሐይ

በኅዳር ወር የደብረ ብርሃንን ቤት የሚያስተዳድረው ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት የሚያቆይለት ደመና አያገኝም፤ ስለዚህ ሲነጋ ሣሩ ነጭ አመዳይ ለብሶ፣ ደጅ ያደረ የባልዲ ውኃም ላዩ ስስ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ልብስ መቼ እንደሚታጠብ፣ ሊጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ልጆች በየትኛው ሰዓት ገላቸውን እንደሚታጠቡ፣ ኩበት መቼ ተገላብጦ መቼ እንደሚከመር የሚወስነው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚመጡ ዘመዶቻችን ገና ከመኪና ሲወርዱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያዝኑልናል። እኔ ግን ሐዘኔታቸውን አልቀበልም፤ በዚህ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ደስ ካሰኘኝ ነገር አብዛኛው ብርዱ ራሱ ያመጣው ነውና። ደግሞስ አገሩን ሁሉ ያዝዙ የነበሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየበት የተባለውን ይህን ቦታ በ15ኛው መቶ ዘመን መርጠው ከተማ ቆርቁረውበት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተቀመጡት ሌላ ሙቀት ያለው ቦታ አጥተው ይሆን?

የሳምንቱ ዋና ሰው እናቴ ናት። ከመንዝ የመጣችው የጽዮን ማርያም በዓል ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሲሆን፣ በሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የበግ ጠጉር ይበዛ ነበር። ለእሷ የእኛ ብርድ ቁም ነገር የሚባል አይደለም። ያደገችው በጓሳ አቅራቢያ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩ ያለጊዜው እንዳይታጨድና ከብት እንዳይሰማራበት እየጠበቀ ለብዙ ትውልድ ያቆየው ሜዳ ነው። «እናንተ ፀሐይ አላችሁ፤ ምን ጎደላችሁ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ ወደ ደቡብ የሚያየው የድንጋይ ግድግዳችን ከረፋዱ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ፀሐይ አይለየውም፤ ድንጋዩም ሙቀቱን ስለሚይዝ ጀርባን አስደግፎ ለሚቀመጥ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ በከተማው ውስጥ አላውቅም። የጎረቤት ሴቶችም ይህን ያውቃሉ። «እትዬ እንደምን አደሩ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» እያሉ ከእናቴ አጠገብ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከምሳ በፊት ያለው ጊዜ ምስር በመልቀም፣ ሽንኩርት በመላጥና በጨዋታ ያልፋል።

እናቴ እዚያው ግድግዳ ሥር ሆና ጠጉሩን ስታሰናዳ ሳምንቱን ሙሉ ተመለከትኳት። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ላቱ ወፈር ያለ ሲሆን፣ ጠጉሩ ከላይ ረዘም ያለና ሸካራ፣ ከውስጥ ደግሞ አጠር ያለና ለስላሳ ነው። በመጀመሪያ በየቀለሙ ትለየዋለች፤ ጥቁሩ ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ ገብስማው ደግሞ ለብቻ ይቀመጣል፤ ማቅለሚያ የሚባል ነገር አትነካም። ቀጥላ ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ታጥበዋለች፤ አታሸውም፣ አትጠመዝዘውም፤ እየነከረች ታወጣዋለች እንጂ። የዚህ ምክንያቱ የበግ ጠጉር እያንዳንዱ ዘለላ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ መሆኑ ነው፤ በሙቅ ውኃ ውስጥ ከታሸ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጠጉሩ ተጨማዶ አንድ ጓል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈታውም። ሲደርቅ በጣቷ ታፍታታዋለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ከዚያ በእንዝርት ትፈትለዋለች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ገፋ አድርጋ ስትለቀው ክሩ ከእጇ ሲረዝም ማየት እኔን ሥራዬን ያስረሳኛል፤ ልጆቼንም የቤት ሥራቸውን እንዲሁ።

በዚህ ዘመን እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ያለበት ቤት እየቀነሰ መምጣቱ አያስደንቅም። አርሶ አደሩ በግ የሚያረባው በዓል ሲደርስ ለመሸጥ ነው፤ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለው በግ የሚፈለገውም ሰውነቱ ስለሚገዝፍ ነው እንጂ ለጠጉሩ ብሎ የሚገዛው ብዙም የለም። ከተማችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ናት፤ እኛም የፋብሪካ ብርድ ልብስ ለብሰን እናድራለን፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይታጠባል፣ ሰውነት አያሳክክም። ከበግ ጠጉር ፈትል የሚሸመነው ወፍራም ልብስ፣ ባና፣ ግን ያሳክካል፤ ይህን የሚክድ ሰው ባና ለብሶ አያውቅም። ቢሆንም በቁር ሌሊት ክብደቱ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ካፊያም ቶሎ ዘልቆ አይገባበትም፣ እናቴ የተዳረችበት ባና ደግሞ ዛሬም አልጋ ላይ ነው። በድሮ ጊዜ የመንዝ ጥቁር በግ ጠጉር ለመኳንንቱ በርኖስ ይሆን ነበር፤ አሁን በርኖስ የለበሰ ሽማግሌ ሳይ በዓይኔ እስኪርቅ እከተለዋለሁ።

የእናቴ ፈትል ለሁለት ነገር ተከፈለ። ወፍራሙ ለአንድ ባና እንዲሆን ወደ ሸማኔ ተላከ፤ እዚያ ድርና ማግ ሆኖ በመወርወሪያ ይሸመናል፣ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፣ በመጨረሻም ለብ ያለ ውኃ እየተረጨበት በእግር ይረገጣል። ሲታጠብ እንዳይሆን እየተባለ በጥንቃቄ የተጠበቀው መጨማደድ አሁን ሆን ተብሎ ይፈለጋል ማለት ነው፤ የተረገጠ ባና ይጠብቅና ቀዳዳው ስለሚደፈን ነፋስ አያስገባም። ቀጭኑ ፈትል ደግሞ ለእኔ ደረሰኝ። ለትንሿ ልጄ ሹራብ እየሠራሁላት ነው፤ ሐሳቤ ከመሶባችን ላይ የሚታየውን ትንንሽ የዓይን ጥለት በቡናማና በነጭ ማውጣት ነበር። ሆኖም በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ሲወፍር ሌላ ቦታ ስለሚቀጥን፣ ዓይን እየተቆጠረ የሚሠራ ደቃቅ ጥለት አይወጣበትም፤ ስለዚህ መሶቡን ለአክርማና ለስንደዶ ትቼ ሰፋፊ መስመር መርጫለሁ። መስመሩ ውስጥ የክሩ መወፈርና መቅጠን እንደ ጉድለት አይታይም፤ የፈተለችው ሴት የት ላይ እንደ ተጫወተችና የት ላይ ልብ ብላ እንደ ሠራች ሳይቀር ይነገርበታል። አንገቱንና የእጁን ጫፍ በጥጥ ክር ጀመርኩት፤ ልጅቷ እንደ አያቷ ማሳከክን የምትታገሥ አይደለችምና።

ሹራቡ በጽዮን ዕለት ትንሽ ክርክር አስነሣ። እናቴ በበዓል ቀን እንዝርት አትነካም፤ እሱ የታወቀ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየተፈላ ሳለ ሹራቤን ሳነሣ ግን «በዓል አይደለም እንዴ አንቺ ልጅ?» አለችኝ። እኔ ይህ ሥራ ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን፣ ከዚህም የማገኘው ገንዘብ እንደሌለ ላስረዳ ሞከርኩ። «ታዲያ እኔ ስፈትል ማን ይከፍለኛል?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ ሹራቡም ወደ ቅርጫቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ነገሩ ለእኔም ጠቃሚ መስሎኛል። የሥራ ባልደረቦቼ «ይህን ለምን አትሸጪውም?» ሲሉኝ ዓመታት አልፈዋል፤ በሚሸጥ ሹራብ ላይ ግን ቀን ይቆረጥበታል፣ ቀለም ይታዘዝበታል፣ መስመሩን የሚመርጠውም ገዢው ይሆናል። ደመወዜን የማገኘው ከሌላ ሥራ ነው፤ ይህኛው በፈለግሁ ጊዜ የምፈታው ሆኖ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ማዕዳችን ላይ የሚጠበቀው ስልጆ ነው። ሱፉ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል፤ ውኃው ሲፈላ የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰበት እስኪወፍር ይማሰላል፤ ከእሳት ወርዶ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ ይገባበትና በማሰሮ ተከድኖ እንዲቦካ ይቀመጣል። ቆላ ቢሆን ቶሎ ይደርሳል፤ እኛ ዘንድ ግን ብርዱ እርሾውን ስለሚያቀዘቅዘው መታገሥ ያስፈልጋል። እናቴ መላ አላት፤ ማሰሮውን በአሮጌ የባና ቁራጭ ጠቅልላ ማድ ቤት ጥግ፣ የኩበቱ ሙቀት በሚደርስበት ቦታ ታስቀምጠዋለች። ቀስ ብሎ የቦካ ስልጆ ኮምጣጣነቱ ሳይበረታ ሽታው ይጠልቃል ብዬ አምናለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገብቶበት በትኩስ እንጀራ ሲቀርብ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ ባለቤቴ እንባው እየወረደ «ጨምሩልኝ» ይላል።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ፓፓያና ማሾ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆና ከእኛ በ1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ተሳፋሪው ጋቢውን እያወለቀ ይሄዳል። በአንድ ዞን ውስጥ ከአመዳይ እስከ ፓፓያ መኖሩ የታደልን ያሰኘናል፤ ፓፓያው ግን ቤት ሲደርስ ከብርዱ የተነሣ ለመብሰል አሻፈረኝ አለ፤ እሱም ተጠቅልሎ ከስልጆው አጠገብ ተቀመጠ።

ማታ ማታ የምናደርገው ብዙም አይለያይም። ለቆሎ የሚሆነው ሰነፍ ገብስ ረጠብ ተደርጎ ይሸከሸካል፣ በብረት ምጣድ ይታመሳል፤ ሲንጣጣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ይዘው ወደ እሳቱ ይጠጋሉ። ትልቁ ልጅ ያነብባል፣ ትንሿ ክር ትጠቀልላለች፣ እኔ ሹራቤን እይዛለሁ፣ እናቴ በጨዋታ መካከል ታንቀላፋለች። ሌላ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው አይኖርም፤ በሞቃት አገር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ በየክፍሉ ስልኩን ይዞ እንደሚያመሽ እገምታለሁ።

ስለ ባናው ልጠይቅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ሸማኔው ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ድሩን እንደ ዘረጋ፣ ሌላ የቆየ ሥራ እንደሚቀድመው፣ ሆኖም ለገና በእርግጥ እንደሚያደርስልን በትሕትና ነገረኝ። ይህንኑ ለእናቴ ሳደርስ እንዝርቷን ሳታቆም «ለየትኛው ዓመት ገና እንደሆነ ጠይቀሽዋል?» አለችኝ።