የሰኔ ዝናብና ያልተሸፈነ ማሳ

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሲሆን፣ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ አፈራችን ክፉኛ የሚታጠበው ነሐሴ ላይ ይመስለናል። ወንዞቹን ልብ ብሎ ላስተዋለ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ግልገል ዓባይና ጉማራ እጅግ የሚደፈርሱት በክረምቱ መግቢያ፣ ከሰኔ አጋማሽ አንሥቶ እስከ ሐምሌ ድረስ ነው፤ ነሐሴ ገፍቶ መስከረም ሲቃረብ ወንዙ ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃው እየጠራ ይሄዳል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የማሳው ሁኔታ ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ በመሆኑ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ጓሉ ተከስክሶ አፈሩ እስኪልም ድረስ ይለፋበታል፤ ዘሩ የሚዘራውም በአብዛኛው ሐምሌ ውስጥ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች የሚወርዱት በላላ፣ በደቀቀና አንዳች ቅጠል ባልሸፈነው አፈር ላይ ነው። ዶፍ ከወረደ በኋላ ተዳፋት ማሳ ውስጥ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ ትንንሽ ጠጠሮች በቀጫጭን የአፈር ምሰሶዎች ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ጠጠሩ እንደ ጃንጥላ የከለለው አፈር ሲቀር፣ በዙሪያው የነበረው በጠብታ ተመትቶ ሄዷል፤ የምሰሶው ቁመትም ከዚያች ቦታ የታጠበውን አፈር ውፍረት ያሳያል። ጠብታው ያፈናጠረው ደቃቅ አፈር ደግሞ የመሬቱን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን፣ መስረግ የነበረበት ውሃ በላይ በላይ ይፈሳል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚያሳስበኝም ከዚህ የተነሣ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ስለሚችል፣ የዓመቱ ዝናብ ድምር ብዙም ሳይለወጥ የአንድ ጊዜው ዶፍ ሊበረታ ይችላል። ለአፈሩ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ካካፋው ዝናብ ይልቅ ለግማሽ ሰዓት የወረደው ዶፍ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራና እስካሁን በብዛት የሚጠቀስ ግምት፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል፤ ይህም ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ነው። አፈር ተመልሶ የሚፈጠረው ከዚህ እጅግ በዘገየ ፍጥነት ነው።

የሚታጠበው አፈር ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወደ ጣና ከሚያስገቡት ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያመጣሉ፤ ደለሉም አብሮ ይገባል። ሐይቁ አማካይ ጥልቀቱ ከ9 ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ ደለልን የመሸከም አቅሙ ውስን ነው። ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚገባው ፎስፈረስም ለእምቦጭ ምግብ ይሆናል። አረሙን ከውሃው ላይ በእጅ ሲነቅሉ የሚውሉትን ሰዎች ድካም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ላይኛው ተፋሰስ ካልተያዘ ሥራቸው ማለቂያ አይኖረውም።

ነሐሴም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። በዚያን ጊዜ ተዳፋቱ ሰብል ቢለብስም፣ ከግርጌው ያለው ረባዳ መሬት ውሃ ጠግቦ ስለሚሞላ የቦረቦሩ ዳር ከሥሩ እየራሰ ይናዳል። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ደብረ ማዊ፣ ቦረቦሮች በዚህ መንገድ የግጦሽና የእርሻ መሬት እየበሉ መስፋታቸውን ተመራማሪዎች በቅርብ ተከታትለውታል። በሰፋ ቦረቦር ውስጥ ክትር መሥራት ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ውሃው ጎኑን ሰርስሮ ያልፈዋል። ቦረቦሩ ገና ትንሽ ሳለ አፋፉን አለዝቦ ሣር መትከል ግን አቅምን ያገናዘበ ሥራ ነው።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ የውሃ ማስረጊያ ቦይ ይቆፍራል። ቦዮቹ ግን በጥቂት ክረምት በደለል ይሞላሉ፤ ከሞሉ በኋላ ቢኖሩም የሉም። እንደ እኔ እምነት ከአዲሱ ቁፋሮ ጥቂቱ ቀርቶ፣ ጉልበቱ ግንቦት ላይ፣ ዶፉ ሳይጀምር፣ የሞሉትን ቦዮች ለመጥረግ ቢውል ለሰኔው ማሳ ይበልጥ ይጠቅመዋል።