ከሃያ አንድ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ መብራትም የለም። ትንሿ ልጄ በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጣ፣ ከዴንማርኳ ቢሉንድ ያመጣሁላትን የሌጎ መጫወቻ ጡቦች ምንጣፉ ላይ በትናቸዋለች። ሲገጣጠሙ የሚያሰሙት ቀጭን ድምፅ ከቆርቆሮው ጫጫታ መካከል እየመጣ፣ እህቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ በሌጎላንድ መናፈሻ የዋልኩትን ቀን አስታወሰኝ፤ የጀመርኩትን ሥራ ከዚያ ወዲያ መቀጠል አልቻልኩም።

የቢሉንዱ ሌጎላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ ነው። እህቴና ልጆቿ ወደሚሽከረከሩት መጫወቻዎች ሲሮጡ እኔ ከጡብ የተሠሩት ትንንሽ ከተሞች ዘንድ ቀረሁ። ቤቶቹ ከእውነተኞቹ ሃያ ጊዜ ያነሱ ናቸው። የኮፐንሃገኑ የኒሃውን ወደብ ከነባለቀለም ቤቶቹና ከነጀልባዎቹ እግሬ ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ በዚያ ልክ ቢለካ የእኔ የ1 ሜትር ከ65 ቁመት ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጎንበስ ብዬ በቅርበት ሳየው ክብ የመሰለኝ ሁሉ ማዕዘን ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥቂት ወደ ኋላ ስል ደግሞ መልሶ ይከባል። ልጆች እያዩኝ ይህንኑ ደጋግሜ አደረግሁት።

በመካከላቸው ጅማን መፈለጌ ለራሴም ሳይታወቀኝ ነው፤ በተለይም ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት። እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ፈለገው። የሌጎ መሥራች ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን አናጢ ነበር፤ የእንጨት መጫወቻ መሥራት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1932፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ባረፉበት ዓመት ነው። ከዚህ የሚወጣ ምንም ትርጉም የለም፤ ቢሆንም በዚያች ቀን ሁለቱን የእንጨት ነገሮች፣ መጫወቻውንና ቤተ መንግሥቱን፣ በልቤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ዋልኩ።

አሁን የተቀመጥኩበት ባለሦስት እግር በርጩማ የአባቴ ሥራ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ ሚስማርም ማጣበቂያም የለበትም። ትንሿ ያልወደደችውን ግድግዳ ነቅላ እንደገና ትሠራዋለች፤ አባቴ ግን አንዴ የወደቀ ፍላጭ ወደ እንጨቱ እንደማይመለስ ስለሚያውቅ፣ መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት ግንዱን እያገላበጠ ለረጅም ጊዜ ያየው ነበር። ሲያይ ማንም እንዲያናግረው አይወድም። በልጅነቴ ያ ጊዜ ሥራ መፍታት ይመስለኝ ነበር። የበርጩማው ግማሽ ሥራ ያ ማየት እንደነበረ የገባኝ ገና ዛሬ ነው፤ የኒሃውንን መስኮቶች በጡብ የሠሩት ሰዎችም መጀመሪያ ቆመው እንዲሁ ሳያዩ አልቀሩም።

እኔ ጅሬን የወጣሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ከትምህርት ቤት ጋር፣ ከእንግዶች ጋር፣ አንድ ጊዜም ከአባቴ ጋር። ሰገነቱን ወድጄዋለሁ፤ ከዚያ ላይ ከተማዋን ቁልቁል ማየትም እወዳለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስለ ቤተ መንግሥቱ ነገርኳት። ወዲያው ቡናማዎቹን ጡቦች ለይታ መደርደር ጀመረች፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ምሰሶዎቹ ስንት ናቸው?» አለችኝ።

ዝናቡ አሁንም አላቆመም፤ ዛሬ ጅሬን መውጣት አይቻልም። እሷ ጡቡን በእጇ ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ስንት ልበላት?