«ክፍት ነው» ሲሏችሁ «የቱ?» ብላችሁ ጠይቁ

የድሮ ስልኬ ላይ ከፋብሪካ ተጭነው የመጡ አፖች ነበሩ። አይጠፉም። ስልኩን በከፈትኩ ቁጥር ማስታወቂያ ይገትሩብኛል። ካልኩሌተሩ ሳይቀር የስልክ ቁጥሮቼን ማየት ፈለገ። በላቤ የገዛሁትን ስልክ ማዘዝ አለመቻሌ አንገሸገሸኝ።

ጠያይቄ፣ አንብቤ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ሲስተም የሚተካውን ግራፊን ኦኤስን መረጥኩ። አንድሮይድ ነው፤ የጎግል አገልግሎት ግን አብሮት አይመጣም። ካስፈለጋችሁ ጎግል ፕሌይን ራሳችሁ ትጭናላችሁ። ያኔም እንደ ማንኛውም አፕ ፈቃድ እየጠየቀ ይኖራል እንጂ ስልኩ ላይ አዛዥ አይሆንም። የሚጫነው ጎግል ፒክስል በሚባለው ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ሄጄ ያገለገለ ፒክስል 6ኤ አገኘሁ። «ክፍት ነው ወይ?» አልኩት ሻጩን። «አቦ፣ ወላሂ ክፍት ነው! ሲምህን ክተትና እየው» አለኝ። ከተትኩ። ኔትወርክ ያዘ። ደወልኩ፣ ጠራ። ከፈልኩና በባጃጅ ሰፈሬ ሳቢያን ገባሁ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስልክ ሁለት መቆለፊያ አለው። አንደኛው የኔትወርክ ነው፤ የማንኛውንም ኩባንያ ሲም ይቀበል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ገበያው «ክፍት» የሚለው ይኼንን ነው፤ ሻጩም አልዋሸኝም። ሌላኛው ቡትሎደር ነው፤ ስልኩ ሲነሳ የትኛውን ሲስተም እንደሚያስነሳ የሚቆጣጠረው ክፍል። እሱ ካልተከፈተ ግራፊን አይጫንም። ውጭ አገር በቴሌኮም ኩባንያ በኩል ከተሸጡት ፒክስሎች መካከል፣ ሲማቸው ክፍት ሆኖ ቡትሎደራቸው መቼም የማይከፈት አሉ። የኔ ከነዚያ አንዱ ነበር።

ማታ ሴቲንግ ገብቼ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ነካሁ፤ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባለው የተደበቀ ዝርዝር ወጣ። ቡትሎደሩን ለመክፈት የሚፈቅደው ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለው ጋ ስደርስ ማብሪያው ደብዝዟል። ብነካው ንቅንቅ አይልም። ዋይፋይ አገናኘሁ፣ ያው። ሪሴት አደረግኩ፣ ያው። አፕዴት አደረግኩ፣ ያው። በዚያ ሙቀት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እዚያች ማብሪያ ላይ ተተክዬ ቆየሁ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ተስፋ ቆርጬ ፎቶዬንም ቴሌግራሜንም ጫንኩበትና ጥቂት ቀን ያዝኩት። ከዚያ አንድ ጠጋኝ «እኔ እከፍተዋለሁ» አለኝ። ስልኩን ከነፒኑ ሰጠሁት! ሁለት ቀን እሱ ጋ አደረ። ገመናዬን ልጠብቅ ብዬ የተነሳሁ ሰው፣ ያለኝን ሁሉ ለማላውቀው ሰው አስረከብኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። አልከፈተውም። ሳያውቅ «እችላለሁ» ብሎ ቀብድ መቀበሉ አሁንም ያናድደኛል። እባካችሁ፣ ይኼ ማብሪያ ከደበዘዘ ለማንም ብር አትክፈሉ።

ስልኩን፣ ቡትሎደሩ እንደማይከፈት ለገዢው ነግሬ፣ 4,000 ብር ከስሬ ሸጥኩት።

ሁለተኛውን 6ኤ ስገዛ ብር ከኪሴ ከማውጣቴ በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ ሪሴት አስደረግኩት። የስልኬን ሆትስፖት አገናኘሁለት፤ በኩባንያ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው በኢንተርኔት ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት ማብሪያው አይለቀቅም። ሰባቴ ነካሁ። ወደ ማብሪያው ሄድኩ። በራ! ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ምሳ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ተነጫንጮብኛል፤ ይነጫነጭ። «አላስነካም» የሚል ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ውጡ።

ግራፊንን መጫኑ ቀላል ነው። ላፕቶፕ፣ ደህና ኬብልና ክሮም ይበቃል፤ የግራፊን ድረ ገጽ ላይ የሚታዩትን ቁልፎች በተራ መጫን ነው። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መብራት ስለማይታመን የላፕቶፑን ባትሪ ቀድማችሁ ሙሉ። መጨረሻ ላይ ቡትሎደሩን መልሳችሁ ቆልፉ። ይህን የሚዘሉ አሉ፤ ክፍት ከተተወ ግን ስልኩ እጁ የገባ ሰው ሲስተሙን ሊነካካው ይችላል።

የግራፊን አዘጋጆች ፒክስል 8 እና ከዚያ ወዲህ የወጡትን ግዙ ይላሉ፤ የ7 ዓመት አፕዴት ስላላቸው ነው። እኔ በኛ ኪስ አልስማማም። ብሩ ካላችሁ መልካም፤ ከሌላችሁ ግን 6ኤ ከምታማርሩበት ስልክ እጅግ ይሻላል።

አሁን አማርኛ የምጽፈው በጎግል ኪቦርድ፣ በጂቦርድ ነው። ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ያያል፤ ለእናቴ የምጽፈውንም፣ የይለፍ ቃሌንም። ግራፊን ላይ ግን ኔትወርክ የሚባል ፈቃድ አለ፤ ለጂቦርድ ከለከልኩት። ፊደሉ እንደወትሮው ይጻፋል፤ ኪቦርዱ ግን በቀጥታ ኢንተርኔት አያገኝም። ይህቺን አንዲት ማብሪያ ያጠፋሁ ቀን ልፋቴን ሁሉ ረሳሁት።

ሁሉም አልተፈታም። አንድ የባንክ አፕ አልከፈትም ብሎኛል፤ ለሱ በኮከብ መሰላሉ ኮድ እጠቀማለሁ። ሲም እስካለ ድረስ ደግሞ የሲሙ ኩባንያ የትኛው አንቴና አጠገብ እንዳለሁ ያውቃል፤ ይህን ምንም ሲስተም አያስቀረውም። የ6ኤ የደኅንነት አፕዴት ዋስትናም በፈረንጆቹ እስከ ጁላይ 2027 ነው። ለቀጣዩ ስልክ ከአሁኑ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥኩ ነው።